አንድም ሰው ጠበበኝ ብሎ አልተመለሰም

ሰውየው ቀጭንና ረጅም ነው፤ የልኬት ሜትሩንም ከአንገቱ አውርዶ አያውቅም። በዚህም በዚያም ሜትሮ ይሉታል። ልብስ ሰፊ ነው። የሚሠራባት ክፍል በመጋረጃ ለሁለት ተከፍላለች፤ ወዲህ እሱ ከነስፌት መኪናውና ከነካውያው፣ ወዲያ ደግሞ የቁልፍ ቀዳዳ በእጇ የምትሠራው እትዬ። አሥራ ስምንት ዓመት አብረው ሲሠሩ መጋረጃው ዓይን እንጂ ድምፅ ከልክሎ አያውቅም። እሱ ሲያስነጥስ እሷ «ይማርህ» ትላለች፤ መርፌ ሲወጋት የምታወርደውን እርግማን ደግሞ እሱ ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይዞታል።

ሜትሮ ሌላም ሥራ አለው፤ ደመወዝ የሌለው። ሦስት መቶ ልብስ ሰፊዎች ባሉበት የስልክ ግሩፕ ቀልደኛው እሱ ነው። ግሩፑ የተቋቋመው ገበር ያለቀበትና መኪና የተሰበረበት «የሰው ያለህ!» እንዲልበት ነበር። ብዙዎቹ ግን ጠዋት ጠዋት የሚከፍቱት ሜትሮ ዛሬ ምን አለ ብለው ነው።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ደንበኛ ቀሚሷን ለአራተኛ ጊዜ ይዛ መጣችና «ወገቡ አሁንም ጠበበኝ» ብላው ጥላለት ሄደች። ሜትሮ ካውያው እስኪግል ስልኩን አነሣና ጻፈ፦

«የዘንድሮ ደንበኛ ጭቅጭቁ! የዚያ ዓመት ደንበኞች ናፈቁኝ። አንድም ሰው ጠበበኝ ብሎ አልተመለሰም።»

የትኛው ዓመት ብሎ የጠየቀ የለም። ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ የተነሣበትን ያን ዓመት በቁጥር የሚጠራው ሰው የለም፤ «ያ ዓመት» ይበቃል። አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። ነገሩ በርዶ ልብስ ሰፊዎች ሱቃቸውን ሲከፍቱ ተሰፍተው ያለቁ ልብሶች በየመስቀያው ነበሩ፤ ባለቤቶቻቸው ግን አልመጡም።

የሳቅ ምስሎች ይዘንቡ ጀመር። አርባ፣ ሰባ፣ መቶ አሥር። ሜትሮ ደስ ብሎት ካውያውን ሲያነሣ ስልኩ ላይ አንድ መስመር አየ፤ «እትዬ ከግሩፑ ወጥታለች» ይላል።

ቆይቶ መጋረጃው ገለጥ አለና አንድ እጅ ጃኬት ይዞ ወጣ።

«እንካ። ሌላ ሰው ይሥራልህ።»

«እትዬ፣ ሁለት ቀዳዳ እኮ ነው የቀረው!»

«ለእኔም እዚህ የቀረኝ ሁለት ቀን ነው። ማዶ ያለውን ክፍል እይዘዋለሁ። ያዢው ካሉኝ ከርመዋል።»

ሜትሮ ከዚያች ሴት ጋር ሲሠራ ጎልምሷል። ያለ እሷ እርግማን ቀኑ እንዴት እንደሚመሽ አያውቅም።

ገና ሳይቀመጥ ስልኩ ጮኸ። ጋሽ መቀስ ናቸው፤ ግሩፑን ያቋቋሙት ሽማግሌ።

«አንተ ሜትሮ፣ ላባርርህ ወይስ ላመስግንህ? ሁለት ሰው አባርረው ይለኛል። ሃያ ሰው ደግሞ እንዳይነኩት፣ በዚያ ነገር ካልሳቅን በምን ልንኖር ነው ይለኛል።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ ጋሼ?»

«እኔማ ሳቅሁ። ሳቄን ስጨርስ አፈርሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የጣት ወለምታ በምን እንደሚታሽ አንተው ፈልግ» አሉና ዘጉት።

ሜትሮ ከራሱ ጋር ሲሟገት ቆየ። እሱስ በዚያ ዓመት ወንድሙን ቀብሮ የለም? ያለቀሰ ሰው መሳቅ ተከለከለ እንዴ? ሙግቱን ያሸነፈ ሲመስለው ማዶ ያለው ክፍል ትዝ ይለዋል። በመጨረሻ መጋረጃውን ገልጦ ገባ።

«እትዬ፣ ይቅር በይኝ። በዚያ ነገር አይቀለድም።»

«አይቀለድም ያለህ ማነው?» አለች፣ ከመርፌዋ ቀና ሳትል። «ቀልዱ የማን ነው?»

ሜትሮ ረስቶት ነበር። ሱቁን እንደገና የከፈቱ ጊዜ ዘጠኝ ልብስ ተሰቅሎ ጠበቃቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ቃል ሳይተነፍሱ ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን እትዬ ክር በጥርሷ በጥሳ፣ «ይኸው፣ አንድም ሰው ጠበበኝ ብሎ አልተመለሰም» አለች። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ ለቅሶው ወደ ሳቅ ተመለሰ። ሜትሮ መኪናውን መርገጥ የቻለው ከዚያ በኋላ ነው።

«የራሴ መስሎኝ እኮ ነው!»

«ይምሰልህ። የቀልድ ሌባ ብዬ አልከስህም። ያን ቀልድ ግን በሁለት ሰው ልኬት ነው የሰፋሁት፤ ባንተና በእኔ። ማንን አስበን እንደምንስቅ እናውቅ ነበር። አንተ ለሦስት መቶ ሰው አለበስከው። ሳቁን ቆጠርህ፤ ከሥሩ የተጻፈውንስ አነበብህ?»

አላነበበም። ስልኩን አውጥቶ ወደ ታች ገፋ። ከሳቁ መሀል አንድ ፊቱን እንኳ የማያውቁት ሰው «እንኳንም አልተመለሱ» ብሏል። ለእሱም አሥራ አንድ ሰው ስቆለታል።

«ይኼንን እኔ አላልኩም» አለ ሜትሮ።

«አላልክም። ግን ያንተኑ ቀልድ ነው የለበሰው። እንዴት ልክክ እንዳለለት አየህ?»

«አጠፋዋለሁ።»

«አጥፋው። እኔ ያነበብኩትን በምን ላጥፋው?»

ሜትሮ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዘጠኙ ልብሶች ስምንቱን ዘመድ እየመጣ ወስዷቸዋል። ጥግ ላይ የቀረው አንድ ግራጫ ካፖርት ነው፤ ገበሩ አረንጓዴ። ብል እንዳይበላው በየጊዜው ፀሐይ ያስመቱታል። ሜትሮ ፊት ለፊቱ ቆመና መጻፉን ትቶ ለግሩፑ ስልኩ ላይ በድምፁ ይናገር ጀመር።

«የጠዋቱ ቀልድ የእኔ አይደለም። እንደ እኔ በዚያ ዓመት ሰው የሞተባት ሴት፣ ዘጠኝ ልብስ ፊት ተቀምጣ፣ እንዳታብድ የተናገረችው ነው። አንዱ ልብስ አሁንም እዚህ አለ። ባለቤቱ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ። ግራ ትከሻቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ከውስጥ ሁለት ድርብ ጨርቅ ጨምሬበታለሁ። እንኳንም አልተመለሱ ያልከው ወንድሜ፣ ና ካፖርቱን ላሳይህ። ሌላ ቀልድ የለኝም ዛሬ።»

ላከው። የካውያው እንፋሎት አፍንጫው ገባና አስነጠሰው።

«ይማርህ» አለ መጋረጃው።

ሰውየው ካፖርቱን ሊያይ አልመጣም፤ ሲመሽ ከግሩፑ ሹልክ ብሎ ወጣ። ጋሽ መቀስ ግን የራሳቸውን መስቀያ ፎቶ አንሥተው ላኩ፤ አንዲት የሕፃን ቀሚስ ተንጠልጥላበታለች። በማግስቱ ከየሱቁ የሱሪው፣ የሸሚዙ፣ የኮቱ ፎቶ ይጎርፍ ጀመር። የሳቀም የጻፈም አልነበረም። ሁለቱ ቀን አለፈ፤ እትዬ ስለ ማዶው ክፍል አላነሣችም፣ ሜትሮም አልጠየቀም።

በአራተኛው ቀን አንድ መካኒክ ጥቁር ዘይት የነካው እጁን ወደ ኋላ ደብቆ በር ላይ ቆመ። በልጅነቱ ከእናቱ ጋር ወደ ሌላ ከተማ ሸሽቶ እዚያው አድጓል። የሰፈሩ ልብስ ሰፊ የሜትሮን ድምፅ አሰምቶት ነው የመጣው። ሜትሮ ግን ማን እንደሆነ ከመናገሩ በፊት ግራ ትከሻውን አይቶ ዐውቆታል።

ካፖርቱን አለበሰው። ልጁ እጆቹን ዘረጋ፣ አጠፈ፣ መስታወት ፊት ዞር ዞር አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ከዚያ እያፈረ፦

«በጣም ያምራል። ብቻ፣ ይቅርታ፣ ብብቱ ላይ ትንሽ ጠበበኝ።»

ሜትሮና እትዬ ተያዩ። እትዬ ከንፈሯን ነከሰች። አልቻለችም፤ በሳቅ ፈነዳች። ሜትሮ የመኪናውን ጠረጴዛ ተደግፎ ይንፈራፈር ጀመር።

«ምን አልኩ?» አለ ልጁ።

«ምንም አላልክ፣ ልጄ። ይህን ቅሬታ ስንጠብቅ ዕድሜያችን አለቀ!» እትዬ ወንበሯን ጎትታ ወደ ሜትሮ በኩል ተሻገረችና የካፖርቱን ስፌት ገልብጣ አሳየችው። ትርፍ ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል። «አባትህ ልወፍር እችላለሁ፣ ተዉልኝ ብለው ነው። አንተ ወፈርህላቸው።»

ሜትሮ ስፌቱን መፍታት ሲጀምር፣ ለልጁ ቀልዱን ነገረችው፤ እሷው ራሷ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች። ልጁ ካፖርቱን አየ፤ እነሱን አየ። ከዚያ ያ ዝቅ ያለ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳቁን ሲጨርስ ዓይኑን በክንዱ ጠረገና፦

«ለእናቴ ልንገራት?» አለ።

«ኧረ ተው!» አለች እትዬ፣ ክር እየመዘዘች። «ልኬቷን መች ዐውቄ!»