ጨዋው ሕፃን

ሐጃ አሚና ሠራተኛዋን ሉጥፊያን ከነአራስ ልጇ አል-ማንሺያ ሰፈር ካለው ቤቷ ስታስገባ አንድ ነገር ብቻ ነበር ያስጠነቀቀቻት፤ የሕፃኑ ድምፅ ሳሎን ድረስ ከተሰማ፣ ያን ቀን ጓዟን ጠቅልላ ትወጣለች።

ድምፁ አልተሰማም። ሕፃኑ ዛኪር ሁለት ሳምንት ሞልቶትም አያለቅስም። ሐጃ እንግዶቿን ወጥ ቤት ድረስ እየመራች ታሳያቸው ነበር። «ወላሂ፣ እኔ ቤት ሕፃኑም ጨዋ ነው» ትላለች። እንግዶቹም ማሻአላህ ይላሉ። የድሃ ልጅ ዝም ሲል ደስ የሚላቸው ሰዎች ለምን ዝም እንዳለ አይጠይቁም።

ሉጥፊያ ግን አገሯ ወሎ ሳለች አራት ታናናሾቿን አዝላ ያሳደገች ናት። የራበው ልጅ ቤት እንደሚያናጋ ታውቃለች። የእሷው ልጅ ፊቱን በውሃ አብሳ ካልቀሰቀሰችው ጡት አይዝም። ሲወለድ የነበረበት ቢጫነት አለቀቀውም። ምላሱ ወጣ ወጣ ይላል፤ ሰውነቱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ልፍስፍስ ብሏል።

«ነገ ጧት ሐኪም ላሳየው፤ ይፍቀዱልኝ» አለች።

ሐጃ ሳቀች። «ልጄ አላለቀሰም ብላ የምትከስ እናት ዛሬ አየሁ። ነገ ግብዣ አለብኝ። ፈቃድ ማፊ፣ የለም።»

በማግስቱ ሉጥፊያ፣ ሐጃ ሳትነሳ፣ ልጇን አዝላ ወጣች። ዘበኛው ካሣዬ በሩ ላይ ቆመ።

«እቴ፣ ሰው ልጁ አለቀሰብኝ ብሎ ይማረራል፤ አንቺ አላለቀሰልኝም ብለሽ?»

«አሳልፈኝ አያ ካሣዬ።»

«ሥራሽስ?»

«ሥራ ሞልቷል። ይሄ ግን አንድ ነው።»

አል-ሳሃፋ ሰፈር ባለች ትንሽ ክሊኒክ ሐኪሟ ከዛኪር ተረከዝ ደም ወሰደች። ሲወጋም ፊቱን ከማጨፍገግ አላለፈም። ከእናቱም ደም ቀዳች፤ አንገቷንም ዳበሰች። ሉጥፊያ ቤት ስትመለስ ሐጃ ሰድባ ተወቻት፤ ግብዣው ስለነበረባት ሠራተኛ ያስፈልጋት ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ለውጤቱ ስትሄድ ሉጥፊያ ፈቃድ እንኳ አልጠየቀችም።

«ሰውነትሽ የገዛ ራሱን የአንገት ዕጢ እንደ ጠላት ቆጥሮ ይዋጋል» አለች ሐኪሟ። «መዋጊያው ፀረ እንግዳ አካል በእንግዴ ልጁ አልፎ የሕፃኑንም ዕጢ አፈዘዘው። በጥቂት ወራት ከደሙ ይጠፋል። እስኪጠፋ ግን አእምሮው አይጠብቅም፣ ይጎዳል፤ መድኃኒቱን ዛሬውኑ ይጀምር።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው?»

«ደምሽ አላስፈቀደሽም። ጡትሽንም እንዳትከለክዪው።»

«መሻሉን በምን አውቃለሁ?»

«ይነቃል። ይጮኻል።»

ሉጥፊያ ሳቋ አመለጣት። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይሄ ነው።»

ማታውኑ ጓዟን ጠቅልላ አልጋ ሥር ከተተች። ከዚያ በኋላ በየማለዳው ክኒኑን በሁለት ማንኪያ መሀል ታደቅቃለች፣ በጡቷ ወተት ትበጠብጣለች፣ አፉ ውስጥ ጠብ ጠብ ታደርጋለች። አንድ ቀን አላጓደለችም።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሳሎኑ በሴቶች ተሞልቶ ሳለ፣ ዛኪር አለቀሰ። ግድግዳ የሚያልፍ፣ ቁጣ ያለበት ለቅሶ ነበር። ሐጃ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች።

«ዝም አሰኚው። ጡት ስጪው፣ ያላ።»

«ጠግቧል። የሚያለቅሰው ስለነቃ ነው።»

«እንግዶች አሉ እኮ።»

«ዝም ሲል ማሻአላህ ብለውታል፤ አሁንም ይበሉት።»

ጓዟን አወጣች፤ የመድኃኒቱን ብልቃጥ በመቀነቷ ቋጠረች። በጓሮ በር አልወጣችም። ልጇን እንዳስጮኸች በሳሎኑ መሀል፣ ብርጭቆ እንደያዙ በደረቁት ሴቶች ፊት አለፈች።

ካሣዬ ሳትነግረው በሩን ከፈተ። «ወዴት?»

«ማዮ ሰፈር፣ ጓደኛዬ ሬሕማ ዘንድ።»

«ድምፁ ቀድሞሽ ይደርሳል።»

«ይድረስ» አለች።