ነፋስ ተከትለው የወጡ ለት

ታይስቶን የሚያውቁ ሁሉ፣ ሳይጨምርበት የሚናገረው ነገር ቢኖር የራሱን ስም ብቻ ነው ይላሉ። ባለፈው ክረምት ሐይቁ ላይ ሲሮጥ ጥላው ከበረዶው ጋር ተጣብቆ እንደቀረበት፣ በማግስቱም በአካፋ ፍቆ፣ ጠቅልሎ፣ ብብቱ ሥር ሸጉጦ እንዳመጣው ለመንደሩ ሁሉ አውርቷል። አንድ ሰው በጥር ያነጠሰው ንጥሻ አየር ላይ በረዶ ሆኖ ቆይቶ፣ በሚያዝያ ሲቀልጥ ፓስተሩን ስብከታቸው መሀል "ይማርህ" እንዳሰኛቸውም ይምላል። ሰሜን ሚኒሶታ ክረምቱ ረጅም ነው፤ ሰዉም ማታ ማታ የሚስቅበት ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ ማንም ታይስቶን አይቆጣውም።

የውሸቱ ሁሉ ምስክር ደግሞ ሃልቮር ነው። ሃልቮር ረጅም፣ ቀጭን፣ ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የታይስቶን እህት አርዲስን ነው ያገባው። ታይስቶ "ጥላዬን በአካፋ ፍቄ" ሲል፣ ሃልቮር ከጎኑ ሆኖ ፈገግ እንኳ ሳይል "በአካፋ አይደለም፣ በአርዲስ የዳቦ ቢላ ነው" ብሎ ያርመዋል። ከዚያ በኋላ ሰዉ በሳቅ ይንፈራፈራል።

ሁለቱ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ማራቶን ይሮጣሉ። ለሰኔው ሲሉ ክረምቱን ሁሉ፣ በየቅዳሜው ጠዋት፣ የቀዘቀዘው ሐይቅ ላይ ይወጣሉ። ጫማቸው ሥር አጫጭር ብሎን አስገብተዋል፤ በረዶውን ነክሶ እንዲይዝ። ጉንጫቸውን ቫዝሊን ይለቀልቁታል። ሽፋሽፍታቸው እርስ በርሱ እየተጣበቀ፣ ጢማቸው ላይ በረዶ እየተንጠለጠለ ይመለሳሉ። ሲያዩዋቸው ከመቃብር የወጡ ሁለት አያቶች ይመስላሉ።

በዚያ አገር በክረምት የሚሮጥ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ሕግ አለች። ሲወጡ ነፋሱን በግንባር፣ ሲመለሱ በጀርባ። ሲወጡ ሰውነት ደረቅ ስለሆነ ይችለዋል። ሲመለሱ ግን ልብሱ በላብ ርሷል፤ በእርሱ ላይ ያን ነፋስ በደረት መቀበል ማለት ርጥብ አንሶላ ተከናንቦ በረዶ ቤት ገብቶ መተኛት ማለት ነው። ይህቺን ሕግ ለታይስቶ ያስተማረው፣ ሁለቱም ጎረምሶች ሳሉ፣ ራሱ ሃልቮር ነበር። ዛሬም ድረስ ጀልባ ማሰሪያው ጋ ቆሞ፣ ጓንቱን አውልቆ፣ ጣቱን በምራቁ አርሶ ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ሳይለካ ሮጦ አያውቅም።

የዚያን ቅዳሜ ብርዱ ለጉድ ነበር። የመኪና ጎማ ሌሊቱን ከሥሩ ተጠፍጥፎ አድሮ፣ ጠዋት ሲነዱት እንደ ፈረስ ኮቴ ይንቋቋ ነበር። ነፋሱ ከሰሜን ነው የሚመጣው።

"ቫዝሊን ተቀብተሃል?" አለ ታይስቶ።

"ተቀብቻለሁ።"

"አፍንጫህን ዘለልከው እኮ። ይህን የሚያህል አፍንጫ እንዴት ይረሳል?"

"ላንተ አፍንጫ እንዲተርፍ ብዬ ነው" አለ ሃልቮርና ወደ ደቡብ ዞሮ መሮጥ ጀመረ። ጣቱንም አላረሰም። ነፋሱን በጀርባው አደረገና እብስ አለ።

ታይስቶ ሊጠራው አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው።

አሃ! አለ በልቡ። ገባኝ።

ባለፈው ሳምንት ታይስቶ የሃልቮርን ጓንት ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ውጪ ብርዱ ላይ አድርቆ፣ እጅ ለሰላምታ የዘረጋ አስመስሎ ደጁ ላይ ተክሎበት ነበር። ዛሬ ብድሩን ሊመልስ ነው ማለት ነው። በሁለቱ መሀል ደግሞ የቆየ ደንብ አለ፤ "ምን እያደረግህ ነው?" ብሎ መጀመሪያ የጠየቀ ተሸናፊ ነው። ታይስቶ ከሚሸነፍ ጣቱ ደርቆ ቢረግፍ ይመርጣል። ተከተለው።

ነፋስ ከኋላ ሲገፋ መሮጥ እንዴት ይጥማል! እግር ራሱን ይረሳል። ብርዱ የት እንደገባ አይታወቅም። ከእግራቸው ሥር የሐይቁ በረዶ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ እየጮኸ፣ የመንደሩ ሰው በረዶው ላይ ለሚነዳ መኪና የመንገድ ምልክት ብሎ የተከላቸው ያገለገሉ የገና ዛፎች በግራና በቀኝ እያለፉ፣ ሽማግሌዎቹ እንደ ወጣት ፈረስ ጋለቡ። ሃልቮር ላብ አጠመቀው። አንዱ የገና ዛፍ ጋ ሲደርስ የነፋስ መከላከያ ጃኬቱን አወለቀና ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለው።

"ስንመለስ እወስደዋለሁ" አለ።

ታይስቶ ሳቁን ዋጠ። አይ ጥበብ፣ አለ፤ ቀልዱን እስከ ጃኬቱ ድረስ ወሰደው!

ድንጋያማው አፋፍ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። መመለሻቸው እዚያ ነበር። ታይስቶ ወደ ሰሜን ዞረና ነፋሱ ፊቱን ሲያገኘው ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንባው ጉንጩ ላይ ሳይደርስ በረዶ ሆነ።

"እሺ፣ እጅ ሰጥቻለሁ፣ አሸንፈሃል" አለ። "አሁን ንገረኝ፤ በምን ልንመለስ ነው? አሣ አጥማጁን ዱዌንን ከነበረዶ ሞተሩ ቀጥረኸዋል?"

"በምን ማለት?" አለ ሃልቮር። "በእግራችን ነዋ። እንዲያውም አሁን እኮ ይቀለናል፤ ነፋሱ ከኋላ ነው።"

"ተው እንግዲህ፣ ተሸነፍኩ አልኩህ።"

ሃልቮር ወደ ሰሜን ዞረ። ነፋሱ መታው። ፊቱ ላይ ታይስቶ አይቶት የማያውቀው ነገር አለፈ። ቤቱ ገብቶ ዕቃው ሁሉ ቦታ የቀየረበት ሰው ይመስል ነበር።

"ዞረ እንዴ?" አለ ቀስ ብሎ። "ነፋሱ ዞረ?"

ቀልድ እንዳልነበረ ታይስቶ አሁን ገባው።

"አዎ" አለ። "ዞረ። ና፣ ቶሎ እንሂድ።"

ነፋሱ አልዞረም።

ያን መንገድ ታይስቶ በኋላ ሊያወራው ቢፈልግ የሚጨምርበት ነገር አያገኝም ነበር። ላባቸው ሸሚዛቸው ላይ እንደ ቆርቆሮ ደረቀ፤ በተራመዱ ቁጥር ይንኳኳል። የገና ዛፉ ጋ ሲደርሱ ዛፉ አለ፣ ጃኬቱ የለም። ነፋሱ ይዞት ሄዷል። ታይስቶ የራሱን አውልቆ ሃልቮርን በግድ አለበሰውና "ከኋላዬ ሁን፤ ጀርባዬን ግድግዳ አድርገው" አለው። ከዚያ ነፋሱን በደረቱ እየገፋ፣ ሃልቮር እንዳያንቀላፋ ወደ ኋላ እየጮኸ ማውራት ጀመረ።

"ከዚያልህ ጥላዬን በአካፋ ፍቄ..."

"በቢላ" የሚል ድምፅ መጣ ከኋላ።

"እሺ በቢላ! ጠቅልዬ ብብቴ ሥር አድርጌ ሳመጣው፣ ውሻው አላወቀውም፤ ጮኸበት! እኔ ደግሞ ውሻውን..."

ከኋላው እርማት አልመጣም።

"ውሻውን ምን አልኩት ሃልቮር?"

ታይስቶ ዞረ። ኋላው ማንም የለም። ሃልቮር ርቆ፣ ነፋሱን በጀርባው አድርጎ፣ ሰው ወደማይኖርበት ወደ ሐይቁ መሀል ረጋ ብሎ እየሮጠ ነው። አሯሯጡ ያምራል። የሰኔ አሯሯጥ ነው።

ታይስቶ እንዴት እንደደረሰበት አያውቅም። ክንዱን ያዘው።

"ወዴት ነው?!"

"ቤት።"

"ቤት እኮ በዚህ ነው!"

"በዚያ በኩል ይበርዳል" አለው ሃልቮር፣ አልገባው ላለ ተማሪ እንደሚያስረዳ።

ሐይቁ ላይ ተበታትነው ከቆሙት የአሣ አጥማጆች ጎጆዎች አንዲቱ ብቻ ትጨስ ነበር። ታይስቶ ሃልቮርን ግማሹን እየደገፈ፣ ግማሹን እየጎተተ ወሰደው፤ በሩን በእግሩ ደበደበው።

አጥማጁ ዱዌን በሩን ከፈተ። "ታይስቶ፣ የዛሬው ደግሞ ምን..." ብሎ ጀመረና ሃልቮርን አየው። ሌላ ቃል አልጨመረም። ቆቡን ከራሱ አውልቆ ሃልቮር ላይ ደፋ፣ ከምድጃው አጠገብ የነበረውን ባልዲ በእግሩ ገፋ፣ ቦታ አደረገለት። የአጋዘን ሥጋ ሾርባውን በቴርሞሱ ክዳን ቀዳለት። ከዚያ የበረዶ ሞተሩን ሊያስነሳ ወጣ፤ ወደ ቤት ሊያደርሳቸው።

ሃልቮር ብዙ ተንቀጠቀጠ። ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ ዓይኑ የራሱ ዓይን ሆነ።

"ምን አደረግሁ?" አለ።

"ነፋሱን ተከትለህ ወጣህ።"

"እኔ?"

"እኔ ደግሞ ቀልድ መሰለኝ። አህያ ነኝ።"

ሃልቮር ሾርባውን ትኩር ብሎ አየው። "እንግዲያው ቀልድ ይሁን" አለ። "ያንተ ቀልድ። አንተ እንዳታለልከኝ ለአርዲስ ንገራት። ካንተ ከሆነ ታምናለች፤ ሁሉም ያምናል።"

"ሃልቮር..."

"ካወቀች ጫማዬን ትደብቃለች። ከዚያ ሐኪም። ከዚያ የመኪናዬን ቁልፍ። ከዚያ መስኮት ሥር አስቀምጣኝ አንተ ስትሮጥ ሳይ እውላለሁ። አንተ ብትሆን ትፈልጋለህ?"

"አንድ ቀን ሰው ቢሳሳት እኮ..."

"አንድ ቀን አይደለም" አለ ሃልቮር።

የሞተሩ ድምፅ ውጪ ተነሳ። ታይስቶ ራሱን ነቀነቀ። "እሺ" አለ።

አርዲስ ስታያቸው መጀመሪያ አልጮኸችም፤ ሥራዋን ሠራች። የሃልቮርን እግር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከረች፣ ብርድ ልብስ ደረበችለት። የታይስቶን ሱሪ አስወልቃ በረንዳ ላይ ወረወረችው፤ ሱሪው ደርቆ ስለነበር በሁለት እግሩ ቆመ። ለእርሱ የሃልቮርን የቤት ሱሪ ሰጠችው። ረዝሞበት ተጎተተ። ከዚያ ወገቧን ያዘች።

"ነፋሱን ከኋላ አድርጎ የወጣ የትኛው ነው?"

"እኔ ነኝ" አለ ታይስቶ።

"ምን ሆነህ?!"

"እስቲ ስሚኝ እህቴ። ሃልቮር ምስኪኑ ጣቱን አርሶ ወደ ሰሜን ሲጠቁም፣ እኔ ምን አልኩት፤ ዛሬ ፓስተሩ ነግረውኛል፣ ነፋሱ ከቀትር በፊት ይዞራል አልኩት። አመነኝ። ብቻ ምን ልበልሽ፣ እግራችንን እንኳ አላነሳንም። ነፋሱ እንደ ጀልባ ሸራ ነው የወሰደን። አንዲት ቀበሮ በአየር ላይ ስታልፈን ጅራቷን አውለብልባ ሰላም አለችን።"

"ሁለት ነበሩ" አለ ሃልቮር ከብርድ ልብሱ ውስጥ።

አርዲስ እንዳትስቅ ከንፈሯን ነከሰች። ትከሻዋ ግን ሲወርድ ታይስቶ አየ። ያመነችው ደስ እያላት ነበር። ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይህን ማመን ፈልጋለች። በሕይወቱ ካወራው ውሸት ሁሉ እንደዚህ ቀጥ ብሎ የቆመለት አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ ቢጨምርበት፣ ለምሳሌ ሁለተኛዋ ቀበሮ መነጽር እንዳደረገች ቢናገር፣ ነገሩ ያልቅና ሃልቮር ጫማው ይተርፍለታል።

ሃልቮር በአመስጋኝ ዓይን አየው። ታይስቶ ግን ያየው ሌላ ነገር ነበር፤ ረጋ ብሎ፣ አምሮበት፣ ወደ ሐይቁ መሀል የሚሮጠውን ጀርባ። እርሱ ራሱ ጉንፋን ይዞት የሚተኛበት፣ ሃልቮርም ብቻውን የሚወጣበት ቅዳሜ ይመጣል።

"አርዲስ" አለ። "ውሸቴን ነው።"

"አውቃለሁ፤ ቀበሮ አይበርም።"

"ቀበሮዋን አይደለም።"

"ተው ታይስቶ" አለ ሃልቮር።

"እኔ አይደለሁም ያወጣሁት። እርሱ ነው። ቀልድም አልነበረም። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ጠፋበት። ስንመለስ ትቶኝ ወደ ሐይቁ ሄደ፤ ቤቴ ነው ብሎ።"

"ከዚህ በፊትስ?" አለች አርዲስ።

"ኅዳር ላይ፣ ያ የመኪናው ነገር። ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ሞተሩን ሳያጠፋ ትቶት በእግሩ የመጣ ለት።"

"እርሱን አውቀዋለሁ። መኪናው ብቻውን አንብቦ ጨርሶ መጣ ብለህ ነገርከን።"

"ማክሰኞ ከረባት አስሮ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የቆመ ለት።"

"እግዜርን ሰው ሳይበዛበት ሊያገኘው ሄዶ፣ አልክ።" ወንበሩን ይዛ ተቀመጠች። "ሳቅሁ እኮ። ሁላችንም ሳቅን። እንዴት አሳምረህ ነው የነገርከን።"

ታይስቶ ክረምቱን ሙሉ፣ ለመንደሩ ሁሉ፣ አንድ በአንድ ሲያወራው የከረመው ምን እንደነበረ አሁን ገባው።

ሃልቮር እግሩን ከውሃው አወጣ። ብርድ ልብሱን ከትከሻው ጣለ። ተነስቶ ቆመ፤ ድምፁ ያ የመምህርነት ድምፁ ነበር።

"ሱሪዬን አውልቅና ከቤቴ ውጣ።"

አርዲስ አፏን በእጇ ያዘች። ከእጇ ሥር የወጣው ሳቅ ይሁን ልቅሶ ለራሷም የለየላት አይመስልም። ሃልቮር አልሳቀም። ታይስቶም አልሳቀም። የሱሪውን ጫፍ እንደያዘ ወደ በሩ አየ፤ ወደ ሃልቮር አየ፤ መልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

"አልወጣም" አለ።

"ውጣ አልኩህ!"

"ሰማሁ። አልወጣም።"

ሃልቮር ጀርባውን ሰጥቷቸው መስኮቱ ጋ ሄደ። የረጠበ እግሩ ወለሉ ላይ ምልክት እየተወ ነበር። ውጪ ነፋሱ በረዶውን ያባርራል።

አርዲስ ፊቷን በመሐረቧ ጠረገች። ወንበሯን ወደ ወንድሟ አስጠጋች።

"ከመጀመሪያው ንገረኝ" አለች። "ምንም ሳትጨምር።"

ታይስቶ ጀመረ፤ አቆመ። ከዚያ ዓይኑን ከሃልቮር ጀርባ ላይ ሳያነሳ፣ መናገር እንደሚማር ሰው፣ አንድ በአንድ ይነግራት ገባ።