ዘመድ የሆነ ይውጣ

"ዘመድ የሆነ ይውጣልን" አሉ ሰብሳቢው፣ ዓይናቸውን ከወረቀታቸው ሳያነሡ።

ግንበኛው ተነሣ። አምስት ሰው በተቀመጠበት ስብሰባ ማን እንደተባለ ለመገመት ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም። የታሪካዊ ቤቶች ጥበቃ ኮሚሽን ደንብ ግልጽ ነው፤ የአባሉ ዘመድ ቤት ጉዳይ ሲታይ አባሉ ኮሪደር ላይ ይጠብቃል። ደንቡ ሲረቀቅ አጥብቆ የደገፈውም እሱ ራሱ ነበር። ሰፈሩ "ውሃልክ" ብሎ የሰየመው ለግንቡ ብቻ አይደለም፤ ነገርም ሲዘም አይወድም።

ወጥቶ በሩን ዘጋ። ኮሪደሩ ላይ አንድ እግሩ የላላ ወንበር አለ። የቅርስ ጠባቂዎች ወንበር ነውና እስከ ዛሬ ማንም ሊጠግነው አልደፈረም። ተጠንቅቆ ተቀመጠበት።

ጉዳዩ የሟች ታላቅ ወንድሙ ሚስት፣ እትዬ የሚላት ሴት ቤት ነው። ድሮ አንድ ስመ ጥር ዳኛ ሁለት ዓመት ኖረውበታልና ኮሚሽኑ መዝግቦታል። የተመዘገበ ቤት ደግሞ ዳኛው ጥለውት የሄዱትን መልክ መያዝ አለበት፤ በኋላ የተቀጠለ ሁሉ ይፈርሳል። በዚህ ቤት ጎን አንዲት የብሎኬት ክፍል ተቀጥላለች። የወንድሙ ልጅ ታማ ደረጃ መውጣት ያቃታት ጊዜ፣ እሱና ወንድሙ እየተጣደፉ የሠሯት ናት። ልጅቷ እዚያው ተኝታ ከረመች፤ እዚያው ሞተች።

ከውስጥ ሳቅ ተሰማ።

"መስኮቱን እዩልኝማ!" አለ አንዱ አባል፤ ፎቶውን ይዞ መሆን አለበት። "ከጉልበት በታች! ለድመት ነው እንዴ የሠሩት?"

ውሃልክ ብድግ ብሎ የበሩን እጀታ ያዘ። መስኮቱ ዝቅ ያለው ልጅቷ ተኝታ መንገዱን እንድታይ ነው። ይህን ለመናገር አንድ ትንፋሽ ይበቃል። ግን ደንብ ደንብ ነው። እጁን ሰብስቦ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ስብሰባው ሲያልቅ ሰብሳቢው መጥተው ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት።

"ሁለት ለሁለት ሆንንና በእኔ ድምፅ ይፍረስ ተባለ። እርስዎ ቢኖሩማ..." ቀሪውን ዋጡት። "ሰኞ ሠራተኞች እልካለሁ። አይዞዎት፣ ጋሽ ውሃልክ።"

እትዬን ያገኛት እዚያችው ክፍል ውስጥ ነው፤ ከገመድ ያወረደችውን አንሶላ ልታጥፍ ትታገላለች።

"ያዝልኝ" ብላ አንዱን ጫፍ አቀበለችው።

እያጠፉ ነገራት።

"ደግ" አለች። "ዳኛው ሁለት ዓመት ኖረው ባለቤት ሆኑ፤ እኛ ዕድሜያችንን ጨርሰንበት ቅጥያ ሆንን። አንተስ ምን አልክ?"

"እኔ ውጪ ነበርኩ።"

"ምን ልታደርግ?"

"ደንቡ ነው፣ እትዬ። የዘመድ ጉዳይ ሲታይ ዘመድ ይወጣል።"

አንሶላው ከእጇ ወደቀ።

"ዘመድ ሲቸገር ይገባል እንጂ ይወጣል እንዴ?"

"አድልዎ እንዳይሆን ብለን..."

"በማን ላይ? በዳኛው ላይ? ሞተዋል እኮ!"

ልጅቷም ሞታለች ሊል አፉ ላይ ደርሶ መለሰው።

"ስለ መስኮቱስ ማን ነገራቸው?"

"ማንም።"

"ሳቁ?"

ውሸት አይሆንለትም። "ትንሽ" አለ።

እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከፊት ለፊቷ ያለው ግድግዳ ለማንም ሰው ዓይን ግልጽ ሆኖ ዘሟል።

"እሷም በዚህ ግድግዳ ትስቅ ነበር" አለች። "'አጎቴ አጣሞ የሠራው ለእኔ ብቻ ነው' እያለች ለጠያቂ ሁሉ ታሳይ ነበር። እንዴት ትኮራበት እንደነበር!" አንሶላውን ከመሬት አንሥታ አራገፈችው። "ማን ነው የሚያፈርሰው?"

"ሰኞ ሠራተኞች ይመጣሉ።"

"ዘፈን ከፍተው፣ ሲጋራቸውን እያጨሱ።" ቀጥላም ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ "ያቆመ ያፍርሰው" አለች። "አንደኛው የለም። አንተ አለህ።"

"ወገቤ እኮ..."

"ወገብህን አውቀዋለሁ።"

ውሃልክ ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

"ሰኞ ሰው አይላኩ" አላቸው ሰብሳቢውን። "እኔው አፈርሳታለሁ።"

"ጋሽ ውሃልክ፣ እርስዎ እኮ ዘመድ ነዎት፤ ደንቡ..."

"ደንቡ፣ ሲወሰን ይውጣ ነው የሚለው። ተወስኗል።" ሊዘጋው አለና መልሶ ጆሮው ላይ ለጠፈው። "መስኮቱ ለድመት አይደለም። ከአልጋ መነሣት ላቃታት ልጅ ነው።"

"ይህን እኮ... ይህን ቢነግሩን ኖሮ..." አሉ ሰብሳቢው።

"አዎ" አለ ውሃልክ፤ ዘጋው።

ኮቱን አውልቆ አልጋው ላይ አኖረ። እትዬ ከጓዳ መሰላልና መዶሻ አመጣች፤ ለምን ሰኞን አትጠብቅም አላለችውም። መሰላሉን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘችለት። እሱ ወገቡን ይዞ፣ በየመወጣጫው እያረፈ፣ ጣሪያው ላይ ደረሰ።

ቆርቆሮው ዝጓል። በመዶሻ ቢነርተው ጣሪያው ሳይመሽ መሬት ይወርዳል። ሚስማሮቹ ግን ከነቆባቸው እንዳሉ ናቸው፤ ቀጥ ያሉት የእሱ፣ የተጣመሙት የወንድሙ። አንዱን የተጣመመ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

ጎንበስ ብሎ መዶሻውን ለእትዬ መለሰላትና፣ ሚስማር መንቀያ ጉጠት እንድታቀብለው ለመናት።