ሦስት መኪና ለአንድ ጽዋ

የማርያም ማኅበራችንን ጽዋ ከቡራዩ ሱሉልታ፣ ተረኛዋ የሺወርቅ ቤት ማድረስ ነበረብኝ። ጽዋ ደግሞ ያለ አጃቢ አይወጣም። አሥራ አንድ ሴቶች ነን፣ እትዬ አጸደ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሚኒባስ ተጋፍተው አይገቡም።

በስልክ የሚጠራ ታክሲ ድሮ የአንድ ድርጅት ብቻ ነበር። ሾፌሮቹን ከሌላ ጋር እንዳይሠሩ ከልክሏቸው፣ እኛ "ሱሉልታ" ስንል እየሰረዙብን እንቀር ነበር። በቀደም ሾፌሮቹን በመከልከሉ ድርጅቱ ላይ ከባድ ቅጣት ተጣለበት፣ ክልከላውም ተነሳ። ልጄ ትጊ ወዲያው የሁለት አዳዲስ ድርጅቶችን መጥሪያ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ።

እኔ የድሮውን ለምጄ፣ ጽዋውንና እትዬ አጸደን የሚይዝ አንዱ እንኳ ቢመጣ፣ የቀረነው በሚኒባስ እንሄዳለን ብዬ ሦስቱንም ጠራሁ። በእመቤቴ፣ ሦስቱም መጡ!

"እማማ፣ ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ!" አለ አንዱ።

"በዚች አሮጌ መኪና እንጦጦን ልታስወጣቸው ነው?" ብሎ ሳቀበት ሁለተኛው።

ሦስተኛው፣ ዲሪርሳ የሚባለው፣ በሩን ከፍቶ፣ "ሃርሜ ኮ፣ እናቴ፣ እኔ ቅናሽ አለኝ!" አለኝ።

ማንን ልመልስ? ግራ ገብቶኝ ስቆም እትዬ አጸደ የዲሪርሳ መኪና ውስጥ ገብተው ተደላደሉ።

"ምን ትመርጫለሽ? እመቤታችንን አጃቢ ስጪን ብለን አልነበር? ይኸው ላከችልን!" አሉኝ።

ሁላችንም በሦስቱ መኪና ተከፋፍለን ገባን። እኔ ጽዋውን ታቅፌ በዲሪርሳ መኪና ከፊት፣ ሁለቱ መኪኖች ከኋላ፣ መዝሙሩ ከክላክሱ ጋር እየተደባለቀ ሱሉልታ ደረስን። ልምምድ ላይ የነበሩ ሯጮች ሠርግ መስሏቸው ቆመው አጨበጨቡልን።

የሺወርቅ ከበር ላይ፣ "ሙሽራዋ የታለች?" አለች።

"ይቻትልሽ!" ብዬ ጽዋውን ከፍ አደረግሁላት።