የዘርፉ የመጸው ልብሶች

በልብስ ትርኢቱ ስምንተኛዋ ልጅ ከመጋረጃው ኋላ ብቅ ስትል መርዳሳ መጻፉን ትቶ አፉን ከፍቶ ቀረ። የለበሰችው ቀሚስ ከተራ አቡጀዴ የተሰፋ ነው፤ ግን ዘርፉ ለአጨዳ እንደ ደረሰ ስንዴ ቢጫ አድርጋ ነክራዋለች። ትከሻው ላይ ደግሞ ዛጎል የተደረደረበት ለስላሳ ቡናማ ቆዳ አሳርፋበታለች። የናዝሬት ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅምና አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። መርዳሳም ማስታወሻውን ጉልበቱ ላይ ጥሎ አጨበጨበ።

ዘርፉ በልብስ ሰፊዎች ማኅበር ውስጥ የካኪ ሱሪ ኪስ ስትሰፋ ሦስት ዓመቷ ነው። ለዚህ ትርኢት አሥራ ሁለት ልብስ የሠራችው ቁርጥራጭ እየለመነች ነው። ግምገማው ካማረላት ልብሶቹ አዲስ አበባ ኤግዚቢሽን ይሄዳሉ፤ ካላማረላት ወደ ኪስ ስፌቷ ትመለሳለች። ገምጋሚው ደግሞ መርዳሳ ነው፤ የአማርኛ መምህር፣ የከተማው የግድግዳ ጋዜጣ ጸሐፊ።

እዚያው ወንበሩ ላይ እንዳለ ጻፈ። አምስተኛው ሱሪ ወገቡ ላይ እንደሚንሸራተት አልደበቀም። ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ግን ብዕሩ ልጓም አጣ፦ «ይህ ትከሻ የአርሲ እናቶች ትከሻ ነው። ዘርፉ የትውልድ አገሯን የነጌሌን ውበት ለመላው አገር አለበሰችው።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ በቀለም የተጻፈማ የባሰ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ጽሑፉን ከመለጠፉ በፊት የሚያነበው ካድሬ፣ ጓድ አስፋው፣ ቢሮው አስጠራው።

«ጓድ መርዳሳ፣ ዓይንህ ስለታም ነው። እኔ ቆዳውን ተራ ጌጥ መስሎኝ አልፌው ነበር።» ከ«አርሲ እናቶች» ሥር በቀይ አሰመረ። «ጠባብ ብሔርተኝነት ቀሚስ ለብሶ ሲመጣ ይኸው ነው። ‹ጠባብ ብሔርተኝነት ነው› የምትል አንድ መስመር ጨምርበትና ፈርም። ልጅቷን ለውይይት እንጠራታለን።»

መርዳሳ ‹ውይይት› ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ባለፈው ዓመት ለውይይት የተጠራ አንድ የሥራ ባልደረባው እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ያመሰገናት መስሎት በገዛ እጁ ሊያስበላት ነው።

«ጓድ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ።

«የምን ጥፋት?»

«አርሲ የሚባል ነገር የለበትም። ከጫማ ሠሪዎቹ የተረፈ ቁራጭ ቆዳ ነው። ጽሑፍ ላሳምር ብዬ ከራሴ ቀጠልኩበት።»

«ዛጎሉስ?»

«ቁልፍ ጠፍቶ ነው እንጂ! ከመጋዘን ቁልፍ ካለቀ ስንት ጊዜው።»

አስፋው ሳቀ። የቁልፉን ነገር እሱም ያውቀዋል፤ የራሱ ሸሚዝ ሁለት ቁልፍ ጎድሎታል። «እናንተ ጸሐፊዎች! በአርብ ስብሰባ ግለ ሂስ ታደርጋለህ።»

«አደርጋለሁ።»

«ታዲያ ልብሱ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም፣ ጓድ። ልብስ ነው።»

ግምገማውን እዚያው እንደ አዲስ ጻፈው። ልብሶቹ ጠንካሮች ናቸው፤ ለሥራ ይመቻሉ፤ የተለየ ነገር አልታየባቸውም። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ ሰርዞ መልሶ ጻፋት። አስፋው ፈረመበት፤ ልብሶቹም ወደ አዲስ አበባ እንዲጫኑ በስልክ አዘዘ።

ቀትር ላይ መርዳሳ ከግድግዳ ጋዜጣው ሰሌዳ ፊት ሲደርስ ዘርፉ ከሰዎች መሐል ቆማ ታነባለች። ስታየው ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ልብሶቹ እንደሚሄዱ ከማኅበሩ ሰምቻለሁ፣ ጋሼ መርዳሳ። ግን ትናንት ሲያጨበጭቡ አይቼዎት ነበር።»

«ሰው ሁሉ አጨበጨበ እኮ።»

«ያ ቆዳ…» አለች ድምፏን ዝቅ አድርጋ። «እናቴ የተዳረችበት ልብስ ነው። ነጌሌ ድረስ ሄጄ፣ እግሯ ላይ ወድቄ ነው ያስቆረጥኳት። ‹የተለየ ነገር አልታየበትም› ይበሉኝ?»

መርዳሳ ዙሪያውን ቃኘ። እውነቱን ቢነግራት ደስ ይላታል፤ ግን ዘርፉን ያውቃታል፤ እናቷ ተካደች ብላ በቀጥታ የቢሮውን ደረጃ ወጥታ አስፋውን የምትሞግት ልጅ ናት። አጠገባቸው የሚያነቡት ሁለት ሰዎች ንባባቸውን አቁመዋል፤ አንደኛው የአስፋው ጸሐፊ ነው።

«በእውነት አልወደዱትም?» አለችው።

መርዳሳ ወደ ሰሌዳው ዞረ።

«አልወደድኩትም» አላት፤ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ።