የአባቴ ድርሻ

የጤና ጣቢያው መድኃኒት መስኮት ላይ የአባቴ ስም ሲጠራ «አለ» የምለው እኔ ነበርኩ። ሰባት ወር ሙሉ ብያለሁ። የመጀመሪያው ቀን ምላሴ ተሳስሮ ነበር፤ በሁለተኛው ወር ለመደብኝ። ከዚያ በኋላማ ዓይኔን በጨው አጥቤ ካርዱን በመስኮቱ አሾልኬ «አለ» እላለሁ። አባቴ ግን ከተቀበረ ቆይቷል።

መስኮቱ ላይ የምትቀመጠውን ሴት ባለመነጽሯ እላታለሁ። ደግ ናት፤ ያስቸገረኝም ደግነቷ ነው። ማኅተሟን መትታ ዝም ብላ ብትሰጠኝ አንድ ውሸት ይበቃኝ ነበር። እሷ ግን ትጠይቃለች።

«አባባ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«ምነው ራሳቸው አይመጡም?»

«እግራቸውን ያማቸዋል።»

በሚቀጥለው ወር «እግራቸው ተሻላቸው?» አለችኝ። ተሻላቸው ብል ይምጡ ልትለኝ ነው። «እግራቸውስ ደህና ነበር፣ አሁን ደግሞ ሳል ያዛቸው» አልኳት። እንዲህ በየወሩ አንድ ነገር ስጨምርበት፣ የቀበርኩት ሰው እዚያ መስኮት ላይ ሲያረጅ ከረመ።

አባቴ ቤት ቀለም ቀቢ ነበር። እሱንም እናቴንም አንድ ዓይነት የልብ በሽታ ያዛቸው፤ ሐኪሙም ለሁለቱም አንድ ዓይነት ኪኒን አዘዘ፣ ለእያንዳንዳቸው በቀን አንድ ሙሉ ፍሬ። ኪኒኑ ውድ ነው። እኔ ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ነኝ፤ የግማሽ ወር ደሞዜ የአንዱን ሰው የወር ኪኒን አይሞላም። አቅም ለሌላቸው አዛውንቶች መድኃኒት በነፃ የሚያሰጥ የድጋፍ ካርድ እንዳለ ከአንዲት ደንበኛችን ሰማሁና ሁለቱንም ላስመዘግብ ተነሣሁ። እናቴ አሻፈረኝ አለች።

«ከአንድ ቤት ሁለት ሰው እጁን ዘርግቶ? ሰው ምን ይለናል?»

«አንድ ካርድ ለአንድ ቤት ይበቃል» አለ አባቴም።

ካርዱ በአባቴ ስም ብቻ ወጣ። ቢሮው ግን አንድ ካርድ ለአንድ ቤት አላለም። እኛም አልጠየቅንም። በእፍረታችን ራሳችን ሕግ አወጣንና ራሳችን ታሰርንበት።

ጠዋት ጠዋት አባቴ ኪኒኑን ነጭ ሰሃን ላይ አድርጎ በምላጭ ለሁለት ይከፍለዋል። እጁ ግድግዳ ላይ መስመር ሲያወርድ ያልተንቀጠቀጠ እጅ ነው። እኩል ካልሆነለት ትልቁን ለእናቴ ይሰጥና፣ ጣቱን በምራቁ አርሶ ሰሃኑ ላይ የቀረውን ዱቄት ይልሳል።

«ዋናው ኃይል ያለው ዱቄቱ ላይ ነው» ይላታል።

«ስስታም! እሷንም አትተውልኝም?» ትለዋለች።

ይሳሳቃሉ። እኔም ሳቃቸውን እየሰማሁ፣ የታዘዘላቸው ሙሉ ፍሬ መሆኑን ረሳሁት። ልቡ ግን አልረሳም። አንድ ጠዋት ምላጩን እንደያዘ ወንበሩ ላይ ቀረ።

ከቀብሩ በኋላ ወደ መስኮቱ የሄድኩት እውነቱን ልናገር ነበር። ከፊቴ የቆመች ሴት ባሏ መሞቱን ተናግራ ካርዱ ወደ እሷ እንዲዞርላት ጠየቀች። አዲስ ማመልከቻ ሦስት ወር ይወስዳል አሏት።

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ መግዛት ነው።»

ሴትዮዋ ካርዱን እንደያዘች ወጣች። ቀጥሎ የአባቴ ስም ተጠራ። እናቴ ሦስት ወር ያለ ኪኒን ስትቀመጥ ታየኝ።

«አለ» አልኩ።

ለእናቴ የኪኒኑን ጠርሙስ ስሰጣት «ከዛሬ ጀምሮ መክፈል የለም። ሙሉውን ነው የምትውጪው፣ ሰምተሻል?» አልኳት። «እሺ» አለች። ምላጩንም አንሥቼ ኮመዲኖው ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ አንድ ክፍል ተከራይተን ከድሮው ሰፈር ወጣን። አዲሱ ግቢ ውስጥ አባቴን በዓይኑ ያየ ሰው የለም፤ ለአከራያችን ታሞ ተኝቷል ብያታለሁ። ከቢሮው ሰው መጥቶ ቤት ለቤት ያያል ሲባል ሰምቼ ስለነበር ቤቱን አሰናዳሁ፤ ጫማውን ከበሩ ሥር፣ መነጽሩን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩ። ኮቱን ሥራ ቦታ ወስጄ ተኮስኩት። እንፋሎቱ ሲነካው የቀለሙ ሽታ ተነሥቶ ፊቴ ላይ መጣ፤ ካውያውን አስቀምጬ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ወስጄ በሩ ጀርባ ሰቀልኩት።

አንድ ቀን አከራያችን ልብስ ስታሰጣ ጠራችኝ።

«ስሚ እንጂ፣ የአባትሽ ሳል ከበደሳ! ቀኑን ሙሉ ነው እኮ የሚያስሉት። ዝንጅብል በማር አጠጫቸው።»

ኮቱን አይታ ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ኮት ግን አይስልም።

በሳምንቱ ሥራ ቦታ መብራት ጠፍቶ በጊዜ ተመለስኩ። የግቢውን በር ስከፍት ሰማሁት። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፤ ከደረት ሥር ተጎትቶ የሚወጣ። ስንት ዓመት ሙሉ በዚያ በአባቴ ሳል ነው ከእንቅልፌ የነቃሁት፤ አልስተውም። ሮጬ ገባሁ። እናቴ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ብቻዋን አልጋው ላይ ተቀምጣለች። ኮቱ በሩ ጀርባ ይወዛወዛል፣ በሩን በኃይል ስለከፈትኩት ይሆናል።

«ማነው የሳለው?»

«ማን ይስላል? አባትሽ ነዋ» አለች፣ ውሃ ቀጂልኝ እንደማለት።

እኔ ከሰው ጋር እንጂ ከሙት ጋር ተጣልቼ አላውቅም። ውሃ አምጥቼ እግሯን ማጠብ ጀመርኩ። እግሯ አብጧል። በጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ።

ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

«ኪኒኑን በትክክል ትወስዳለች?» አለኝ ሐኪሙ።

«ሙሉ ፍሬ፣ በየቀኑ!» አልኩ አፌን ሞልቼ።

«እንግዲያው አልሠራላትም ማለት ነው። ልቧ እየደከመ ነው፤ እንዲህ ከቀጠለች ብዙ አትቆይም።» ሌላ መድኃኒት ጻፈልኝ። ካርዱ የማይሸፍነው ነበር፤ ዋጋውን ጠይቄ ማዘዣውን አጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩ።

በዚያው ወር ባለመነጽሯ «ካርዱ ሊታደስ ነው። ሐሙስ ጠዋት ከቢሮ ሰው መጥቶ አባባን ቤታቸው ያያቸዋል» አለችኝ።

ሐሙስ ገና ሳይነጋ እናቴን አስጠናኋት።

«ወንድሙ ዘንድ ሄዷል ነው የምንለው።»

«በዚህ ዕድሜዬ ልዋሽ?»

«አንቺ ዝም በይ፣ የምዋሸው እኔ ነኝ።»

የመጣችው እኔን የምታህል ሴት ናት፤ የአንድ ጫማዋ ተረከዝ አልቆ ወደ ጎን ያጋድላታል። ወንበር አቀረብኩላት። ዶሴዋን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና ኮቱን አየች፣ ጫማውን አየች።

«አባባ የሉም?»

«ወንድማቸው ዘንድ ሄደዋል።»

«አሁን በር ላይ ሆኜ ሲያስሉ የሰማሁ መሰለኝ።»

የእናቴ ፊት በራ፤ ሌላ ሰውም ስለሰማው ደስ ያላት ትመስላለች።

«እሱ ነው» አለች።

ሠራተኛዋ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየች። «እህቴ፣ ሄደዋል ነው ያልሽኝ ወይስ አሉ? እሺ ይሁን፣ መድኃኒታቸውን ግን በደንብ ይወስዳሉ?»

ይሄኔ እናቴ ተነሣች። በዚያ ባበጠ እግሯ እየተጎተተች ከአልጋው ሥር አንድ ክብ ቆርቆሮ አወጣች፤ የድሮ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ክዳኑን ከፍታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«አልወሰደውም። ድርሻው ይኸው፣ አንዱንም አልነካሁበትም።»

ቆርቆሮው ግማሽ ግማሽ ኪኒን ሞልቷል። በምላጭ የተከፈለ፣ እኩል። የሰባት ወሩ።

«እማዬ! ምንድነው ይሄ?»

«ምን ያስጮህሻል? ካርዱ የማን ነው? ስሙን ጠርተው የሚሰጡት ለማን ነው? የእሱን ሙሉውን ልብላበት?»

«ሙሉውን ዋጪ አላልኩሽም? እሺ አላልሽኝም?»

«ዝም እንድትዪ ነዋ እሺ ያልኩሽ!»

ንዴቱ ደረቷን ያዛት። ሻርፗን ወደ አፏ ወሰደች፣ አልደረሰችም። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ከደረት ሥር ተጎትቶ የሚወጣ።

ኮቱን አየሁ። ዝም ብሎ ተሰቅሏል። ሰባት ወር ሙሉ ግማሽ ግማሽ እየዋጠች፣ በእሱ በሽታ በእሱ መንገድ ኋላ ኋላው እየሄደች ነበር። መስኮቱ ላይ «አለ» ባልኩ ቁጥር የእሷን ግማሽ ለእሱ የፈረድኩት እኔ ነኝ።

«አባቴ ሞቷል» አልኳት ለሠራተኛዋ። «ሰባት ወሩ ነው። የወሰድኩት እኔ፣ የዋሸሁትም እኔ። የምትጽፊውን ጻፊ። እሷ ግን ያለ ኪኒን አትደር።»

ሠራተኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ቆርቆሮውን አየች።

«እማማስ ለምን የራሳቸው ካርድ የላቸውም?»

«አንድ ካርድ ለአንድ ቤት ብለን...»

«ማነው ያላችሁ?»

«ማንም።»

«ሁለቱም ይገባቸው ነበር እኮ! ከመጀመሪያው ቀን! ካርዱ እስኪደርስ ደግሞ ጊዜያዊ ወረቀት አለ፣ መስኮቱ ላይ ሳይሆን እኛ ቢሮ ነው የሚሰጠው።» እንደ መቆጣት አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያለፈውን የምወስነው እኔ አይደለሁም፤ የሆነውን እጽፋለሁ፣ የሚመለሰውን መድኃኒትም እጽፋለሁ። ወረቀቱን ግን ዛሬውኑ መስጠት እችላለሁ። እማማ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ። ባለቤቴ ሞቷል የሚል ነው።»

እናቴ እጇን ሻርፗ ውስጥ ደበቀች።

«አልፈርምም። በገዛ ጣቴ አልገድለውም።»

«እማዬ፣ እኔው አይደለሁ የቀበርኩት?»

«አንቺ ቅበሪ። እኔ ቤት አለ። ሲስል አልሰማሽም? እሷስ አልሰማችም?»

እልኸኛ ናት። እኔም ልጇ ነኝ። ፊቷ ተንበረከክሁና ቆርቆሮውን ከፍ አድርጌ አሳየኋት።

«አለ ካልሽ ታዲያ ለምን አልበላም? ንገሪኛ! ዱቄቱን ከሰሃን ልሶ የሚጨርስ ሰው፣ ሰባት ወር ሙሉ አንድ ፍርፋሪ ሳይነካ ይተዋል?»

ቆርቆሮው ውስጥ አየች። ጣቷን በምራቋ አርሳ ከሥር የተጠራቀመውን ዱቄት ነካችው፣ ግን አልላሰችውም። ከዚያ አውራ ጣቷን ለሠራተኛዋ ዘረጋች።

«ቀለሙን ቀቢኝ» አለች።

የተረፈ መድኃኒት ይመለሳል ብላ ሠራተኛዋ ቆርቆሮውን ይዛ ተነሣች። እናቴ ክዳኑ ሳይገጠም አንዲት ግማሽ አወጣችና የኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተች። ሠራተኛዋ አየች፤ እኔም አየሁ።

የእናቴ ካርድ ሲደርስ ራሴ መሄድ አለብኝ ብላ በዝግታ እየተራመደች አብራኝ ሄደች። ባለመነጽሯ ወረቀቱን አንብባ ቀና ብላ አየችኝ።

«አባባ አረፉ? ባለፈው እኮ ሳሉ ቀለል አላቸው ብለሽኝ...» ብላ የሞተበትን ቀን ድጋሚ አየች። ማኅተሟን አነሣች።

ከዚያ የእናቴን ስም ከነአባቷ ጠራች። እናቴ የሚጠራው ማን እንደሆነ ዞር ብላ ሰልፉን አየች። አፌ ሊከፈት ነበር፤ ያዝኩት።

«አለሁ» አለች በመጨረሻ፣ እኔ ካልኩት ሁሉ ጮክ ብላ።

ጠዋት ጠዋት ነጩን ሰሃን አሁንም ታቀርባለች። ኪኒኑን መሐሉ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ማንንም እንዳትጠብቅ ራሷን የምታስተምር ይመስል ትንሽ ታየዋለች፤ ከዚያ እንዳለ ትውጠዋለች። እብጠቱ ጎደለ። ትንፋሿ ተመለሰ። ኮቱን እንደገና ተኮስኩት። በሥራዬ መጀመሪያ የማደርገው ኪስ መፈተሽ ነው፤ የእሱን አልፈተሽኩም።

ባለፈው ሰሞን አከራያችን በር ላይ አገኘችኝ።

«ዝንጅብሉ ሠራ አይደል? አባትሽ ተሻላቸው መሰለኝ፣ ሳላቸው ጠፋ።»

በሩ ገርበብ ብሏል። ኮቱ ከዚህ ይታየኛል። ከቢሮ የሚመጣ ሰው የለም፤ የምዋሽበት ምክንያትም የለኝም።

«አዎ» አልኳት። «ተሻላቸው።»