ጨዋነት ጉድ ሊያደርገው የነበረ ሰው

አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ፊት ለፊት ባለው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ በባለጌ ሰው ላይ ክፉ ተናግሮ የማያውቅ ሠራተኛ ነበር። ሥራው ደንበኞች በየሜዳው ጥለዋቸው የሚሄዱትን የዕቃ ጋሪዎች ለቅሞ፣ አንዱን በአንዱ ሰክቶ፣ እየገፋ ወደ በሩ መመለስ ነው። አንዴ ስድሳ ሁለት ጋሪ ቀጣጥሎ ገፍቷል። ይህን ያለው ራሱ ነው። የፊተኛው ጋሪ በሩ ላይ ሲደርስ እሱ ገና አጥሩ ጥግ ስለነበር፣ መድረሱን ያወቀው በስልክ ተደውሎለት ነው። ይህንንም ያለው ራሱ ነው። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ከሚስቱ በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ ሰው ሁሉ ባቡሩ ነው የሚለው።

ባቡሩ ከፍጡር ሁሉ የሚወደው ጋሪ ጥሎ የሚሄደውን ነው። ዓይነቱንም አበጥሮ ያውቃል። ጋሪውን ገፋ አድርጎ የቀረውን ለነፋስ የሚተው አለ፤ እንዲህ ያለው ሰው በተፈጥሮ ላይ እምነት አለው። የፊት ጎማዎቹን አበባው መደብ ላይ አውጥቶ የሚሄድ አለ፤ ጋሪውም አረንጓዴ ነገር ይይ ብሎ ነው። በሌላ ሰው መኪና በር ላይ የሚያስደግፍም አለ፤ ይኼኛው እንኳን ሰው ወዳድ ነው፣ ባለመኪናዎቹ እንዲተዋወቁ ይፈልጋል። የሁሉም ቁንጮ ግን ጥቁር ረጅም መኪና የሚነዳው ነጋዴ ነበር። መኪናውን የሁለት ሰው ቦታ ላይ አግድም ያቆማል፤ ጋሪውን ደግሞ መውጫው መሀል። ባቡሩ ይህን ሰው ባየ ቁጥር ወገቡ እስኪቆረጥ እጅ ይነሳል።

"ምን አድርጎልህ ነው?" ትለዋለች እዚያው ካሸር የሆነችው ሚስቱ።

"ሥራ ፈጣሪ ነው፣ አንቺ።"

እንዲህ በሰላም እየኖረ ሳለ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ወጣት ነው፤ ከረባቱ ከሱ ቀድሞ ቢሮ ይገባል። በመጣ በሦስተኛው ቀን ግድግዳው ሁሉ "ጋሪዎን ይመልሱ፤ ጨዋ ደንበኛ ኩራታችን ነው" በሚል ወረቀት ተለጠፈ። በአራተኛው ቀን ባቡሩን አስጠራው።

"ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉ።"

ባቡሩ ወንበር ሲጋብዙት ጥሩ ነገር ሰምቶ አያውቅም። ጫፉ ላይ ተቀመጠ።

"ብዙ ደክመዋል ጋሼ። ደንበኞቻችን ጋሪ መመለስ ከለመዱ እኮ ፀሐይ ላይ መንገላታትዎ አይቀርም ወይ? የወሩን የመጨረሻ ቅዳሜ እኔ ራሴ ከፎቅ ሆኜ አያለሁ። ሜዳው ላይ የተጣለ ጋሪ ካላየሁ፣ ምድር ቤት ባዶ ካርቶን የሚጨፈልቀው ማሽን ጋ እናዛውርዎታለን። ጥላ ነው።"

"መስኮት አለው?"

"አምፖል አለው።"

ባቡሩ ወጥቶ ካሸሯ ጋ ሄደ። ሰማይ የተደፋበት ይመስላል። ሃያ ዓመት ሙሉ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቀበት፣ ሰው "ባቡሩ መጣ፣ ዞር በሉ" እያለ መንገድ ሲለቅለት የኖረ ሰው አምፖል ሥር ሊቀመጥ ነው።

"ካርቶን ምን አለው?" አለችው ሚስቱ።

"ጎማ የለውም።"

በነጋታው ደንበኛ ጋሪ መመለስ እንዳይለምድ ዘመቻውን ጀመረ። ደንበኛ ዕቃውን ጭኖ ሳይጨርስ ከተፍ ይልና ጋሪውን ይይዛል።

"ይተዉት እናቴ፣ እኔ አለሁ።"

"ኧረ ራሴ እመልሰዋለሁ።"

"በሞቴ።"

"አይሆንም፣ በኔ ሞት።"

እንዲህ ሆኖ አንድ ቀን ከአንዲት ወይዘሮ ጋር አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ይዘው በሞቴ በሞቴ ሲባባሉ ግማሽ ቀን ሄደ። ጋሪው ላይ ተቀምጦ የነበረው ሕፃን እዚያው ጥርስ አበቀለ የሚሉ አሉ። ባቡሩ ሁለት ጥርስ ነው ይላል።

ታዲያ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ አረፈው። ሰዉ "እንዲህ ባለ ትሑት ሰው ላይማ ጋሪ አንጥልም" ማለት ጀመረ። ወረቀቱን አንብቦ የመለሰ ማንም አልነበረም፤ እሱን አይቶ ያልመለሰ ግን ጠፋ። በፊት በቀን ሁለት መቶ ጋሪ ይለቅም የነበረ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ሠላሳ፣ በሦስተኛው ሰባት ለቀመ። ከሰባቱ አንዱ ጎማው የተሰበረ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ቆሽቱን ያሳረሩት ግን ጡረተኛዋ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። ሰዉ ሁሉ ቲቸር ይላቸዋል። የራሳቸውን ጋሪ መመለሳቸው ሳያንስ፣ ጥሎ የሚሄድ ሲያዩ በከዘራቸው የመኪናውን መስተዋት ቆርቆር ያደርጋሉ።

"ረስተሃል።"

"ምኑን?"

"አስተዳደግህን።"

አርብ ዕለት ባቡሩ መኪናቸው አጠገብ ጠበቃቸው።

"ቲቸር፣ ምን በደልኩዎት?" አለና የአምፖሉን ነገር ከሥር ከመሠረቱ ነገራቸው። "ነገ አንድ ቀን ብቻ ጋሪዎን ቢጥሉልኝ?"

አስተማሪዋ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። "አርባ ዓመት ልጅ ሥርዓት ሳስተምር ኖሬ፣ በስተርጅና ባለጌ ሁኚ ነው የምትለኝ?"

"ለግማሽ ሰዓት።"

"ልጄ፣ ካርቶኑም ሥራ ነው" አሉና ጋሪያቸውን ሊመልሱ ሄዱ።

ቅዳሜ ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ በጠዋት ፎቅ ላይ መስኮቱ ጋ ቆመ። ሜዳው ጥርግ ብሏል። ባቡሩ ተስፋውን ሁሉ ነጋዴው ላይ ጥሎ ቆመ። ረፋዱ ላይ ጥቁሩ መኪና መጣ፣ አግድም ቆመ። የባቡሩ ልብ ሞቅ አለ። ነጋዴው ገዝቶ ወጣ፣ ጫነ፣ ጋሪውን አየ፣ መውጫውን አየ። ከዚያ ጋሪውን እየገፋ ድፍን ሜዳውን አቋርጦ ቦታው ሰካው። መያዣውንም በመሐረቡ ጠረገለት።

"ካንተ ተምሬ ነው" አለው፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

የባቡሩ ወሽመጥ ተቆረጠ። አጥሩ ሥር ቁጭ አለ።

አስተማሪዋ የወጡት በዚህ ሰዓት ነው። ዕቃቸውን አሮጌዋ መኪናቸው ውስጥ ደርድረው ጨረሱ። አጥሩ ሥር የተቀመጠውን ባቡሩን አየት አድርገው፣ ጋሪውን ገፍተው ሜዳው መሀል አደረሱና ለቀቁት። ሦስት እርምጃ ሄዱ። ተመለሱና ጋሪው በቀለሙ መስመር ልክ እንዲሆን አቃኑት። አምስት እርምጃ ሄዱ። አሁንም ተመልሰው፣ ተንሸራቶ የሰው መኪና እንዳይገጭ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረጉ። በሦስተኛው ጊዜ መኪናቸው ውስጥ ገቡና በሩን ከውስጥ ቆለፉ። ራሳቸው ወጥተው እንዳይመልሱት ነው።

ጋሪውን ሊመልስ የነበረ ሰው ሁሉ ባለበት ደርቆ ቀረ።

"ቲቸር ጣሉ" አለ አንዱ በሹክሹክታ።

"የትኛዋ ቲቸር?"

"ባለከዘራዋ።"

ከዚያ በኋላ የሆነው ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ነው የሚመስለው። ሰው አንድ ወር ሙሉ ጨዋ ሆኖ መሮታል። አንዱ ለነፋስ ሰጠ፣ አንዱ አበባው ላይ አወጣ፣ አንዱ የማያውቀውን ሰው መኪና አስደገፈ። ነጋዴው እንኳን ከመንገድ ተመልሶ የራሱን ጋሪ ከተሰካበት ነቅሎ መውጫው መሀል አቆመው፤ ፊቱ በራ። ስድስት ሰዓት ሲሆን አስፋልቱ አይታይም ነበር። አንዲት ወፍ የምታርፍበት አጥታ ስትዞር ዋለች፤ ይህን ያለው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

ሥራ አስኪያጁ ከፎቅ እየሮጠ ወረደ። ለስብሰባ ሊወጣ ነበር፤ መኪናውን አሥራ አንድ ጋሪ ከቦታል።

"ጋሼ የት አሉ?"

"ካርቶን የሚጨፈለቅበትን ሊለማመዱ ይሆናል" አለች ካሸሯ ከበሩ ላይ።

ባቡሩ ከአጥሩ ሥር ቀስ ብሎ ተነሣ። ሱሪውን አራገፈ፣ ምንም አልቸኮለም።

"ልውረድ ወይስ ልግፋ?"

ሥራ አስኪያጁ መኪናውን አየ፣ ሰዓቱን አየ። "ይግፉ ጋሼ።"

"ዛሬን ነው ወይስ ለዘለቄታው?"

"ለዘለቄታው። ኧረ ይግፉ።"

ገፋ። ሰባ አንድ ጋሪ በአንድ ጊዜ። ሚስቱ ሠላሳ አራት ነው ትላለች፤ እሷ ግን የቆመችው ከጎን ነው፣ ከጎን ደግሞ አያሳይም። ሰኞ ጠዋት ወረቀቶቹ ከግድግዳው ተላጡ።

ሰኞ አስተማሪዋ መጡ። ገዙ፣ ጫኑ፣ ጋሪያቸውን እንደ ወትሮው ወስደው ሰኩ። ባቡሩ ግንባሩ ጉልበቱን እስኪነካ ዝቅ ብሎ፣ ለነጋዴው እንኳን ነስቶ የማያውቀውን ዓይነት እጅ ነሳቸው።

"እግዜር ይስጥልኝ ቲቸር።"

"ተወኝ። ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም" አሉና በከዘራቸው ሜዳውን ጠቆሙ። "ድንጋዩ የታለ?"

"የቱ ድንጋይ?"

"ጎማው ሥር ያደረግኩት።"

ባቡሩ ራሱን አከከ። "እዚያው ዞር አድርጌው..."

"ከአበባው መደብ ነው ያነሣሁት፣ ከግራ ሦስተኛው። መልሰህ ና፣ እጠብቃለሁ።"

ባቡሩ ድንጋዩን ፈልጎ አነሣ። ተሸክሞ ወደ አበባው መደብ ሲሄድ አንዴ ዘወር ብሎ አየ። ቲቸር ከግራ እየቆጠሩለት ነበር።